የሚዋሽ ፍላሽ ሲሰካ ድራይቨሩ ምን ያድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ፍላሽ ልጀምር።

ፍላሹ ሲሰካ መብራቱ ብልጭ ይላል። ስሙን ይናገራል። መጠኑንም ይናገራል። ከዚያ ድርቅ ይላል። ነቅዬ መልሼ ስሰካው ያው ነው። ፖርት ቀየርኩ፤ ያው ነው። ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ፋይል ይከፍታል፣ ይገለብጣል፣ ይሰርዛል።

«ፍላሹ ተበላሽቷል» እንዳልል ሌላው ላይ ይሠራል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ «ችግር አለበት» እንዳልል ሌሎቹን ፍላሾች ሁሉ በደንብ ያነባል። ስለዚህ ሁለቱ ምን እንደሚባባሉ ማዳመጥ ነበረብኝ። እኔ በምሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በሊኑክስ ላይ፣ ዩኤስቢሞን የሚባል መከታተያ አለ። በገመዱ የሚመላለሰውን ጥያቄና መልስ መስመር በመስመር ያወጣላችኋል። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን ቁጥር አለ። 0 ከሆነ ሰላም ነው። -32 ከሆነ መሣሪያው በሩን ዘግቷል፤ ስቶል አድርጓል እንላለን። -71 ከሆነ በገመዱ የመጣው ነገር ትርጉም አልሰጠም። -104 ከሆነ መልስ ሲጠበቅ ሲጠበቅ ጠፍቶ፣ ጥያቄውን ራሱ ድራይቨሩ ሰርዞታል።

የእኔ ፍላሽ ላይ ከብዙ 0 በኋላ አንድ የንባብ ትዕዛዝ ወጣ። ከዚያ 30 ሰከንድ ጸጥ። ከዚያ -104።

ነገሩ የገባኝ ትዕዛዙ የትኛውን ሴክተር (ዲስኩ የተከፋፈለበትን ትንሽ የዳታ ክፍል) እንደጠየቀ ሳይ ነው። መሣሪያ ሲሰካ ድራይቨሩ «የመጨረሻው ሴክተርህ ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ብዛቱን አይደለም የሚጠይቀው። ቁጥር ከ0 ስለሚጀምር 15,728,640 ሴክተር ያለው መሣሪያ 15,728,639 ብሎ መመለስ አለበት። ይህ ፍላሽ ግን 15,728,640 አለ። ብዛቱን ተናገረ። በአንድ አበለጠ። አሥር በር ባለበት ኮሪደር አሥራ አንደኛውን አንኳኩ እንደማለት ነው።

ሲስተሙ ደግሞ አዲስ መሣሪያ ሲሰካ ጫፉን ማየት ይወዳል። ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገረው የጂፒቲ ፓርቲሽን ሠንጠረዥ መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጠው ጫፉ ላይ ነው፤ ራስጌው የመጨረሻው ሴክተር ላይ ነው። ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የሚያሠራው የሬይድ አንዳንድ ምልክቶችም እዚያው አካባቢ ናቸው። ስለዚህ የሌለውን ሴክተር ጠየቀ። ጨዋ መሣሪያ ቢሆን «ይህ ከክልሌ ውጭ ነው» ብሎ ስህተት ይመልስና ነገሩ ያልቃል። የዚህኛው ፈርምዌር (ፍላሹ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ግን እዚያው ተንጠለጠለ። ሌላው ኮምፒውተር ያንን ጫፍ ነክቶት አያውቅም። «ይሠራል» ያልነው ለዚህ ነው።

ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው ነገር ከዚህች አንድ ሴክተር ይነሳል። መሣሪያው የሚያውቀው የዩኤስቢ መሣሪያ እንዴት መሥራት እንዳለበት የተጻፈውን መስፈርት አይደለም። የተፈተነበትን ሲስተም ነው። የሠራው ሰው መስፈርቱን ከዳር እስከ ዳር ላያነበው ይችላል። አንድ በስፋት የሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ሰክቶ፣ ፋይል ገልብጦ፣ «በቃ ይሠራል» ብሎ ወደ ምርት ልኮታል። ያ ሲስተም ያልጠየቀውን ጥያቄ እናንተ ስትጠይቁት፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚሰማው።

ማስረጃው የሊኑክስ ኮድ ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። «ማን ነህ?» የሚለው ትዕዛዝ ኢንኳየሪ ይባላል። መልሱ 36 ባይት ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የዩኤስቢ ስቶሬጅ ድራይቨሩ ግን ሁልጊዜ ልክ 36 ባይት ነው የሚጠይቀው። ከዚያ በለጠ ወይም አነሰ ሲባሉ የሚያንቁ መሣሪያዎች ብዙ ስለሆኑ ነው። ሞድ ሴንስ የሚባለው ትዕዛዝ ላይ ደግሞ 192 ባይት ይጠይቃል። ለምን 192? ዊንዶውስ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ! ብዙ ዲስኮች ሌላ ርዝመት አይቀበሉም። መስፈርቱ ውስጥ 192ን የሚያስገድድ ነገር የለም። ልማድ ነው ሕግ የሆነው።

ይህን አንዳንድ ሰው እንደ ሽንፈት ያየዋል። እኔ አላየውም። ተጠቃሚው ፍላሹን የሰካው ፎቶውን ለማግኘት ነው። መስፈርቱን ማን እንደጣሰ ለመፍረድ አይደለም። ብዙ ሰው የሄደበትን መንገድ መርጦ መሄድ የድራይቨር ጸሐፊ ሥራ ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁሉን እያለፍን ከሄድን ሌላ አደጋ አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። መሣሪያው የሚለውን ሁሉ ያመነ ድራይቨር አንድ ቀን የሰው ፋይል ያበላሻል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውሸት ፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህንን ባልፈው ዳታ ይጠፋል ወይ? መልሱ አይጠፋም ከሆነ ይለፍ። ይጠፋል ከሆነ ንቅንቅ የለም። እንዴት እንደሚለይ ጠጋ ብለን እንይ።

አብዛኞቹ ፍላሾች የሚሠሩበት ፕሮቶኮል ባልክ ኦንሊ ይባላል። መስፈርቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሠራሩ በጣም ቀላል ነው። ድራይቨሩ 31 ባይት የትዕዛዝ ፖስታ ይልካል። ቀጥሎ ዳታ ይሄዳል ወይም ይመጣል። በመጨረሻ መሣሪያው 13 ባይት የውጤት ፖስታ ይመልሳል። ሦስት እርምጃ ብቻ። በአንድ ጊዜ አንድ ትዕዛዝ። እንዲህ ቀላል ሆኖ እያለ በእነዚያ 13 ባይቶች ውስጥ የማይዋሽ ነገር የለም።

የመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች ፊርማ ናቸው። መስፈርቱ ምን መሆን እንዳለባቸው በግልጽ ጽፏል። አንዳንድ መሣሪያዎች ግን የራሳቸውን ፊርማ ይልካሉ። የሊኑክስ ድራይቨር እዚህ ላይ የሚያደርገውን በጣም እወደዋለሁ። መጀመሪያ የመጣውን ፊርማ ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆኑን ብቻ ያያል። «ፊርማህ ልክ አይደለም» አይለውም። «የራስህ ከሆነ እሺ፣ ግን አትቀያይርብኝ» ነው የሚለው። ፊርማው የሚያስፈልገው የመጣው ነገር ፖስታ መሆኑን ለመለየት ነው። እስካልተቀያየረ ድረስ ያንን ሥራ ይሠራል። ዳታ አይጠፋም። ይለፍ።

ቀጣዮቹ 4 ባይቶች ታግ ናቸው። ድራይቨሩ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ቁጥር ይሰጣል፤ መሣሪያው መልሱ ላይ ያንኑ ቁጥር መድገም አለበት። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። አስቡት፣ ትዕዛዝ 7 ዘገየ። ድራይቨሩ ተስፋ ቆርጦ ትዕዛዝ 8ን ላከ። አሁን የ7 መልስ ዘግይቶ ደረሰ፤ «ተሳክቷል» ይላል። ታጉን ያላየ ድራይቨር 8 ተሳካ ብሎ ያምናል። 8 ደግሞ የመጻፍ ትዕዛዝ ነበር። ፋይሉ ተጻፈ ተብሎ ተነገረ፣ ዲስኩ ላይ ግን የለም። ተጠቃሚው ይህንን የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታግ ካልገጠመ ግንኙነቱ ተበላሽቷል ብሎ መሣሪያውን ሪሴት ማድረግ፣ ማለትም እንደ አዲስ ማስጀመር ነው። ታግ መድገም ጭራሽ የማያውቁ መሣሪያዎች አሉ፤ ለእነሱ በስማቸው የተመዘገበ ልዩ ፈቃድ አለ። በጅምላ ግን አይፈቀድም።

ከዚያ ቀሪ የሚባለው ይመጣል። «ከጠየቅኸኝ ውስጥ ይህን ያህል ባይት አልሰጠሁህም» ማለት ነው። ዳታውን ሙሉ ሰጥተው ቀሪው ላይ የማይሆን ቁጥር የሚጽፉ መሣሪያዎች ሞልተዋል። እዚህ ላይ ያለው ዘዴ ብልህ ነው። ድራይቨሩ መልሳቸው ቋሚ ርዝመት ባላቸው ትዕዛዞች ይፈትነዋል። «ማን ነህ?» ብሎ 36 ባይት ጠየቀ፤ 36ቱም ደረሱ፤ መሣሪያውም «ተሳክቷል» አለ። ቀሪው ግን 0 አይደለም። በቃ፣ ይህ መሣሪያ ቀሪ አይችልም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀሪውን አያምነውም፤ በገመዱ የመጣውን ባይት ራሱ ይቆጥራል። ዝርዝር አላስፈለገ፣ ስም አላስፈለገ። ውሸቱን ያወቅነው ምንም በማይጎዳ ቦታ ነው።

የመጨረሻዋ ባይት ውጤት ናት። 0 ተሳክቷል፣ 1 አልተሳካም፣ 2 መግባባት ጠፍቷል። ብዙ አዲስ ጸሐፊ 1ንና 2ን ያደባልቃል። 1 ማለት ንግግሩ ጤነኛ ነው፣ ትዕዛዙ ብቻ አልሆነም ማለት ነው። ምክንያቱን ጠይቆ መቀጠል ነው። 2 ማለት ግን የት እንዳለን ሁለታችንም አናውቅም ማለት ነው። እዚያ ላይ ሪሴት እንጂ ሌላ መላ የለም።

ስለ ሪሴት ካነሳን፣ መስፈርቱ ሦስት ደረጃ ያዛል። መጀመሪያ የስቶሬጅ ሪሴት ጥያቄ፣ ከዚያ የመግቢያውን ስቶል ማንሳት፣ ከዚያ የመውጫውን። ያምራል። ግን አስታውሱ፣ መሣሪያው የሚያውቀው የተፈተነበትን ነው። ስህተት ሲፈጠር የሚኬድበት መንገድ ደግሞ ከሁሉም ያነሰ የተፈተነው ነው። ለዚህ ሊኑክስ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፖርት ሪሴት ነው። ሀርድዌሩ ራሱ የሚያውቀው ሪሴት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ያ ካልሆነ ነው ወደ መስፈርቱ ሪሴት የሚሄደው። ከፖርት ሪሴት በኋላ መሣሪያው ማንነቱን እንደገና ይጠየቃል። መልሱ ከቀድሞው ከተለየ እንደ ተነቀለ ይቆጠራል። ይህ በጣም ትክክል ነው። ያልተጻፈ ዳታ ይዘን ሌላ መሣሪያ ላይ ብንጽፈው የሚደርሰውን አስቡት።

ትዕግሥትም ልክ አለው። ሊኑክስ ለአንድ የዲስክ ትዕዛዝ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ረጅም ይመስላል። ግን ርካሽ ፍላሽ ውስጡን እያጸዳ ለሰከንዶች ዝም ሊል ይችላል። ገደቡን 2 ሰከንድ ብታደርጉት፣ ጤነኛውን ፍላሽ በጽሑፍ መሃል ሪሴት እያደረጋችሁ እናንተ ትገድሉታላችሁ። በተቃራኒው፣ ትዕዛዙ ከተላከላቸው በኋላ ዳታው ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ የሚያስፈልጋቸው ቺፖች አሉ። 100 ማይክሮሰከንድ ይበቃቸዋል ተብሎ፣ ሰዓታቸው ትንሽ ስለሚዛነፍ 125 የተደረገላቸው አሉ። ይህች ቁጥር ከየትም መጽሐፍ አትገኝም። የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ያገኛት ትመስለኛለች። ለእንደዚህ ያለ ሥራ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

አሁን ኮድ ለሚጽፉ ሰዎች አንድ ወጥመድ። ስህተት አጋጥሞ ማገገሚያ ኮድ ውስጥ ስትገቡ ሜሞሪ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ሜሞሪ ሞልቶ ከሆነ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ቦታ ለማስለቀቅ ያልተጻፈ ዳታ ወደ ዲስክ ይልካል። የትኛው ዲስክ? ያው እናንተ እያዳናችሁት ያለው ዲስክ ሊሆን ይችላል። እሱ እናንተን ይጠብቃል፣ እናንተ ሜሞሪውን፣ ሜሞሪው እሱን። ማሽኑ በሙሉ ድርቅ ይላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ሜሞሪ ሲጠየቅ «ለእኔ ብለህ ዲስክ እንዳትነካ» የሚል ምልክት አብሮ መሄድ አለበት። የዚህ ዓይነት ችግር በፈተና አይታይም። ሰው ሥራ በበዛበት ቀን፣ ሜሞሪው በሞላበት ሰዓት ነው የሚመጣው።

ወደ ልዩ ፈቃድ ዝርዝሩ ልመለስ። ሊኑክስ ያልተለመዱ መሣሪያዎችን የሚመዘግብበት ፋይል አለው። እያንዳንዱ ምዝገባ የአምራች ቁጥር፣ የምርት ቁጥር፣ ከዚህ እስከዚህ የሚል የእትም ክልል፣ ከዚያ «ይህን አድርግለት» የሚል ምልክት ይይዛል። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም ተመሳሳይ ሠንጠረዥ አለው፤ ከዚያም አልፎ መሣሪያው ሲሰካ የሙከራ ትዕዛዝ ልኮ ጠባዩን የሚለይበት ኮድ አለው። ዊንዶውስም ቢሆን አንዳንድ ጥያቄ አንዴ ጠይቆ መልሱን ሬጂስትሪ በሚባለው መዝገቡ ውስጥ በመሣሪያው ቁጥር ይመዘግባል፤ በየጊዜው አይጠይቅም።

በዚህ ዝርዝር ላይ የምከራከርለት ነገር አለ። ክልሉን አጥብቡ። አንድ ሰው ችግር ሪፖርት ሲያደርግ የሚቀናው ከ0000 እስከ 9999 ብሎ መዝጋት ነው። ግን አምራቹ ስህተቱን በቀጣዩ እትም አርሞት ሊሆን ይችላል። የአምራችና የምርት ቁጥሩም የሚያመለክተው ብዙ ጊዜ ውስጥ ያለውን፣ ዲስኩን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘውን ድልድይ ቺፕ ነው። ያው ቺፕ በተለያየ ስም በሚሸጡ ብዙ የዲስክ ማቀፊያዎች ውስጥ ይገኛል። ለአንዱ ያዘዛችሁት መድኃኒት ጤነኛውን ያሳምማል።

የመጠኑ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሴክተር ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ተጋማሽ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎ አይሆንም። ስለዚህ «ብዛቱ ጎዶሎ ከመጣ አንድ ቀንስ» የሚል ግምት ለአንዳንድ አምራቾች ኮዱ ውስጥ አለ። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን እውነትም ጎዶሎ የሆነ ዲስክ ሲመጣ፣ የጂፒቲ መጠባበቂያ የተቀመጠበትን ሴክተር ቆርጠን እንጥላለን። ለዚህ ነው «ይህ መሣሪያ ያለውን እመነው» የሚል ተቃራኒ ምልክትም የተጨመረው። ግምት ሌላ ግምት ይወልዳል። እኔ ብጠየቅ በስም የተመዘገበ መሣሪያ ላይ ብቻ ብቀንስ እመርጣለሁ።

ዩኤኤስ የሚባለው አዲሱ ፕሮቶኮል ብዙ ትዕዛዝ አብሮ ይልካል፤ ፈጣን ነው። አንዳንድ ድልድይ ቺፖች ግን ጭነት ሲበዛባቸው ይዘጋሉ። ለእነሱ ወደ ድሮው ፕሮቶኮል መመለስ ብቻ ነው። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፋይሉ ግን ይተርፋል።

ድራይቨሩ ሊይዛቸው የማይችላቸው ውሸቶችም አሉ። 8 ጊጋባይት ይዞ 64 ነኝ የሚል ፍላሽ አለ። አንዳንዱ ከ8 በላይ ስትጽፉበት ዞሮ ከመጀመሪያው ላይ ይጽፋል። ይህን ለማወቅ ሙሉውን ጽፎ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ኤፍ3 የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው ይህንን ነው። ድራይቨር ይህን ማድረግ አይችልም። የሰውን ዳታ ያጠፋልና። ሌላው «ካሹን፣ ለጊዜው የያዝከውን ዳታ፣ ወደ ዲስኩ አውርድ» ሲባል ሳያወርድ «እሺ» የሚለው ነው። እሱንም ከውጭ ማየት አይቻልም። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚታወቀው።

ሆን ብሎ የሚዋሽም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ባድዩኤስቢ በሚል ስም የቀረበው ሥራ የፍላሽ ፈርምዌር ተቀይሮ ራሱን ኪቦርድ ነኝ ሊል እንደሚችል አሳይቷል። ለድራይቨር ጸሐፊ ቅርብ የሆነው ግን የርዝመት ውሸት ነው። ድራይቨሩ መሣሪያው ስለራሱ ከሚሰጠው መግለጫ መጀመሪያ 9 ባይት አንብቦ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ይላል። ለዚያ ልክ ባፈር፣ ማለትም የሜሞሪ ቦታ፣ ይይዛል። ሁለተኛ ሲያነብ መሣሪያው ሌላ ርዝመት ይጽፍበታል። ሁለተኛውን ቁጥር አምኖ የሄደ ኮድ ከባፈሩ አልፎ ያነባል። ሲዝካለር የሚባለው የጉግል መፈተሻ ፕሮግራም የዚህ ዓይነት ሐሰተኛ መሣሪያ እየፈጠረ በሊኑክስ ውስጥ ብዙ የዩኤስቢ ስህተቶችን አውጥቷል። ከመሣሪያው የመጣ ቁጥር ሁሉ ከማያውቁት ሰው የመጣ ቁጥር ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ጠየቀኝ። «ኮድ አልጽፍም፤ ግን እንዲህ ያለ ፍላሽ ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?» አለኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩለት። ከመሰካትህ በፊት ዩኤስቢሞንን ክፈት፤ መጀመሪያዋ ሴኮንድ ናት ዋናዋ። የከርነሉን መልእክት ያዝ። የአምራቹን፣ የምርቱንና የእትሙን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ ትዕዛዙ የቆመበትን ቦታ ፈልግ፤ «አይሠራም» ከሚለው ይልቅ «ይህን ሴክተር ሲጠየቅ ዝም አለ» የሚለው ሪፖርት ነው የሚጠቅመው። ከርነል ሳትነካም መሞከር ትችላለህ። የዩኤስቢ ስቶሬጅ ሞጁል ላይ የመሣሪያውን ሁለት ቁጥሮችና አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል የምትሰጥበት ቦታ አለ። ዩ ብትሰጠው ዩኤኤስን ይተዋል። ሲ ብትሰጠው ከተነገረው መጠን ላይ አንድ ሴክተር ይቀንሳል።

ለዚያ ፍላሽ የሰጠሁት ሲን ነበር። ነቅዬ ሰካሁት። የመጨረሻው ንባብ ሴክተር 15,728,639 ላይ ቆመ፤ ከጎኑ 0 ነበር። ፎልደሩ ተከፈተ።